ማንን ትመስል እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም

ውድ እህቴ እታለም፣

ሰላምታ እንደሚቀድም እማዬ አስተምራናለች፤ እኔ ግን ጉዴን ሳልነግርሽ ሰላም ልበል ብል አፌ እምቢ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት አለቃችን በሠራተኛው ሁሉ ፊት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «እኔ የማንንም ልጅ አልወሰድኩም» ብሎ ማለልኝ። ሰውየው ምንም አላደረገም፤ ጉዱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በአጠገቡ ሳልፍ አንገቴን እንደ ዔሊ ነው የማስገባው። ነገሩን እደርስበታለሁ፣ መጀመሪያ ሰላምታሽን ተቀበዪ።

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው፣ ዛሬም ጎንበስ ቀና ስትይ ይወጋሻል ወይስ ያ የምትቀቢው ነገር ረዳሽ? እማዬስ? ጉልበቷ፣ ዓይኗ፣ ደም ግፊቷ? ጋሼን ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ አሁንም መኪናው ሊሄድ ሲል ነው አንድ እግር ጫማ የምትፈልገው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለሁም እንዳልል ደግሞ ይኸው በእግሬ ቆሜ እሠራለሁ። «አለች» ብለሽ ያዢልኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። በስልክ ያልደወልኩት ወይ እጮህብሻለሁ ወይ ጆሮሽ ላይ እዘጋዋለሁ ብዬ ነው። ወረቀት ታጋሽ ነው፤ ቢጮኹበትም መልስ አይሰጥም። የተናደድኩት በብዙ ሰው ነው፣ አንቺም አለሽበት። ተራሽ ሲደርስ እንዳይከፋሽና ወረቀቱን አጥፈሽ እንዳታስቀምጪው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ልጄ ሳትተነፍስ ከተወለደች ወዲህ የመካሪ ድሃ አልሆንኩም። አንዷ መጥታ «ገና ልጅ ነሽ፣ ይተካል» ትለኛለች፣ ብርጭቆ የተሰበረብኝ ይመስል። ሌላዋ «ሳትለምጂያት መሄዷ ይሻላል፣ አሳድገሻት ቢሆን ይብስ ነበር» ትለኛለች። የታችኛው ቤት ሰውዬ ደግሞ ደረጃው ላይ አስቁሞኝ፣ አምላክ አበባ ሲያምረው ጥሩውን መርጦ ነው የሚቀጥፈው አለኝ። አምላክ አበባ ቸገረው እንዴ? ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። መካሪው እንዲህ ሲንጋጋ ለቅሶ ብሎ የመጣ ግን አንድ ሰው የለም። ሳትተነፍስ የተወለደች አይለቀስላትም፣ ሰው አልሆነችም አሉ። አለቃዬ ሲቆጣኝ ከውስጥ ሆና የምትራገጥልኝ ልጅ፣ እንዴት ሰው አልሆነችም?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም። እኔ ልጄን አላየኋትም። ምጡ ጠንቶ ሆዴን ቀደው ሊያወጧት ሲሉ አስተኙኝ፤ ስነቃ ወስደዋታል፣ ቀብረዋታል። ያያት ባሌ ብቻ ነው። ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ አንድ ቀን «እንዴት ነበረች?» ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ደህና ነበረች» አለኝ፣ መንገድ ላይ ስላገኛት ሰው የሚያወራ ይመስል። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። እሱ ጠዋት የሰው ግድግዳ ሊለስን ይወጣል፣ ማታ ይመጣል፣ እንበላለን፣ ሳህኑን ያጥባል። ክፍላችን ጠባብ ናት፣ ታውቂያታለሽ በፎቶ፤ እኛ ግን በዚያች ጠባብ ክፍል እንኳ ሳንገናኝ መዋል ለመድን።

አሁን ወይዘሮ ተመስገንን ላስተዋውቅሽ። ስሟ አይደለም፣ እኛ ያወጣንላት ነው። አውቶቡስ ቢያመልጣት ተመስገን፣ ካውያ ቢያቃጥላት ተመስገን ነው። በምንሠራበት ልብስ ማጠቢያ የሸሚዝ ተኳሽ ናት፣ በጸሎት ቤታችን ደግሞ የሴቶች ሰብሳቢ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ አልዋሽም። ከሐኪም ቤት ስወጣ ሾርባ በድስት ይዛ የመጣችው፣ ወለሌን በጉልበቷ ተንበርክካ ያጠበችው እሷ ናት። ግን ሳትጠይቀኝ እሁድ በጉባኤው ፊት ተነስቼ እንደተጽናናሁ እንድመሰክር ተራ ይዛልኝ ኖሯል። በምን ተጽናናሁ? አልኳት። ስትመሰክሪ ትጽናኛለሽ አለችኝ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

የእኔ የሥራ ጥንድ ደግሞ ኮምጣጤ ናት። ይህም ቅጽል ነው፤ ፊቷ ሁልጊዜ እንደጎመዘዘ ነው። ሆቴሎቹ የሚልኩልንን የትልቅ አልጋ አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም። ሁለት ሆነን ፊት ለፊት እንቆማለን፣ ጫፍ ጫፉን ይዘን አንዴ እናራግፍና ወደየራሳችን እንስበዋለን፤ ከዚያ እየተራመድን እንገናኝና አንዷ ጫፏን ለሌላዋ አስረክባ፣ ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ታነሳለች። ቀኑን ሙሉ መለያየትና መገናኘት ነው። የማድረቂያዎቹ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ወሬ የለም፣ የምንነጋገረው በአንሶላው ነው፤ ጥንድሽ የከፋት እንደሆነ አሳሳቧ ይነግርሻል። ኮምጣጤ ስትስብ ትከሻ ትገነጥላለች። አዲስ የመጣች ሁሉ ከእሷ ጋር አታጣምሩኝ ብላ አለቃውን ትለማመጣለች። ሥራ የተመለስኩ ዕለት ግን አንሶላውን ክሩ እንዳይበጠስ የፈራች ያህል ቀስ አድርጋ ሳበችው። «ያጽናሽ» እንኳ አላለችኝም። እኔም ልብ አላልኩም፤ ዛሬ አሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የዚያን ጩኸት ጥቅም የሚያውቀው እዚያ የሠራ ብቻ ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ያሻሽን ብትይ ሰሚ የለሽም፤ ስለዚህ ሁላችንም የየራሳችን አመል አለን። አንዷ አማቷን በስድብ ታጥባታለች። በሩ አጠገብ የሚሠራው ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ቤት የጀመረውን ክርክር እዚህ ይጨርሳል፤ እዚህ ሁልጊዜ የሚረታው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ከማድረቂያው ጀርባ እየገባሁ አምላኬን መቆጣት ጀመርኩ። ጸሎት አልልሽም። ጸሎትማ ከተውኩ ቆየሁ፤ አፌን ስከፍት የሚወጣው ቁጣ ብቻ ሆነብኝ።

ማክሰኞ ዕለት እንደ ልማዴ ፎጣ ላወጣ ገብቼ፣ ድምፄን ከማሽኑ በላይ አንስቼ፣ «አንተ! ልጄን ስትወስድ እጅህ ፈጣን ነበር፤ አሁን ምነው ዝም አልክ? ፊቷን እንኳ ብታሳየኝ ምን ነበረበት?» እያልኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ማሽኖቹ ሁሉ ባንዴ ቀጥ አሉ። የእኔ ድምፅ ብቻውን ቤቱን ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ። ለካ አለቃችን ልክ በማድረቂያው በኩል እያለፈ ኖሯል። ላብ አጠመቀው፤ ያን የነገርኩሽን መሐላ ማለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ መሳቅ ጀምሬ ነበር፣ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ሰዉም ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደተጣላሁ ገባው፤ ሳቁ እየተቆራረጠ ጠፋ። ምስኪኑ አለቃችን ኮፍያውን አውልቆ የሚያደርግበት ቦታ አጣ።

ወይዘሮ ተመስገን ካውያዋን ጥላ ስትንደረደር መጣች። መብራት ስለጠፋም ተመስገን አላለችም፣ ያን ቀን ተወችው። ክንዴን ጨብጣ፣ «ከፈጣሪ ጋር ግብግብ ትገጥሚያለሽ? የሚመጣውንም እንዳይነሳሽ ፍሪ!» አለችኝ።

እታለም፣ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። እንዲህ ያለውን አምላክ እኔ አላውቀውም። እማዬ ያስተማረችን አምላክ፣ ቀና ብለው ሲያዩት ልጅ የሚቀማ የሰፈር ጉልበተኛ አይደለም። ብቻ የቃሏን ፍሬ ነገር ላድርስሽ፤ እሁድ ምስክርነቱ ቀርቷል፣ በምትኩ በጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አለዚያ ደጃፉን እንዳልረግጥ። ይህ ለአንቺ ቀላል ይመስልሽ ይሆናል። እዚህ ዘመድ የለንም። ስንታመም የሚጠይቀን፣ ስንሞት የሚቀብረን ያ ቤት ነው። ከዚያ ከወጣን እኔና ባሌ ሁለት ሆነን ቀረን፤ ሁለትነታችንም እንዴት እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ለልጄ ያላለቀሰ ጉባኤ እኔን ይቅርታ ሊያስጠይቀኝ! መጀመሪያ ይለቀስላት፣ ከዚያ እንነጋገራለን ብያት ፎጣዬን ይዤ ሄድኩ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ በራችን ተንኳኳ። ኮምጣጤ ናት። እሷ የሰው ቤት ሄዳ አታውቅም፤ እግሯ ጣራ ሥር መግባቱ ራሱ ለአንድ ሳምንት ወሬ ይበቃል። ወንበራችን እግሩ ስለተሰበረ፣ ባሌ ሲሚንቶ የሚያቦካበትን ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ። የላከቻት ወይዘሮ ተመስገን ናት፣ ልትመክረኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ግን ክፍሏን አየች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ በዚያ በጎመዘዘ ፊቷ፣ «ማንን ትመስል ነበር?» አለችኝ።

ይህን ያህል ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ሰው ይህን ሁሉ ሲለኝ፣ ይህችን አንዲት ነገር የጠየቀኝ የለም። አላየኋትም አልኳት። እንዳላየኋት ስነግራት ሴትዮዋ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች፤ «እኔን ልጄ፣ እኔን፣ የእናትሽን ዓይን ሳታዪ» ብላ አለቀሰች። ልብ በዪልኝ፣ ለእኔ አይደለም ያለቀሰችው፣ ለልጄ ነው። «አንቺ» እያለች፣ እንደማንኛውም ሟች።

ባሌ መቼ እንደገባ አላየንም። በሩ ላይ ቆሟል፣ ሲሚንቶው ክንዱ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ቦርሳውንም አላወረደም።

«ፀጉር ነበራት» አለ።

ሁለታችንም ዞርን። እሱ ግን ወደ እኛ አያይም፣ ወለሉን ነው የሚያየው። «ብዙ ፀጉር። ግንባሯ ላይ ተለጥፎ። ግንባሯ የእኔ ነው፣ አገጯ ያንቺ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ወደ ውስጥ እጥፍ ብሏል። ጣቴን እጇ ውስጥ ከተትኩት፤ ገና አልቀዘቀዘችም ነበር።»

የታጠፈች ጆሮ፣ እታለም! ያቺ የአንቺ ጆሮ ናት፤ በልጅነትሽ ተኝተሽባት ነው እያልን ያበሸቅንሽ። ልጄ የአንቺን ጆሮ ይዛ መጥታ ነበር። ባሌ ይህን ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ፤ ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔ ወደሱ ወረድኩ። ኮምጣጤ ከባልዲው ሳትነሳ ታስለቅሰን ጀመር። ለቅሷችን እንዲህ ነበር፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ባልዲ።

አሁን ተራሽ ደረሰ። ሲረጋጋ ምነው ደበቅከኝ አልኩት። ወይዘሮ ተመስገን ቁስሏን እንዳትነካካ ብላው ኖሯል፤ እሱስ ይሁን። «እህትሽም በስልክ አንዲት ቃል እንዳትነግራት ብላ አደራ ብላኛለች» አለኝ። አደራሽን ጠበቀልሽ፤ ደስ ይበልሽ! ሰውየው ያየውን ሁሉ በሆዱ ይዞ የሰው ግድግዳ ሲለስን ከረመ። እኔ ደግሞ አልቆረቆረውም፣ ረስቷታል ብዬ በልቤ ስረግመው ከረምኩ። ልጄንማ እሱ ቀብሯታል፤ እሱን የቀበራችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ለእኔ አዝነሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልብሽን አላጣሁትም። ግን እናንተ ማዘን ማለት መክደን ነው ብላችሁ ታስባላችሁ፤ የተከደነ ድስት እንደሚገነፍል ግን ታውቃላችሁ፣ ባለሙያ ናችሁ። ለእማዬም «ነገሩ ቀረ» ብለሽ ነገርሻት አሉ። ነገሩ! ልጄ ነገር አልነበረችም። የሚከለከል ምግብ ይመስል፣ ደም ግፊት አለባት ብላችሁ የልጅ ልጅ ከለከላችኋት።

ስታመሽ ኮምጣጤን እስከ ደረጃው ሸኘኋት። በአምላክ ላይ ስለጮህኩ ይቀየመኝ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። ወይዘሮ ተመስገን ያለችኝ ነገር፣ ባላምነውም፣ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ነበር። ደረጃውን አንድ በአንድ እየወረደች፣ «ተጣይው» አለችኝ። «የሚጣላ ሰው ቤቱን አልለቀቀም። የሚያስፈራው ያኮረፈ ነው፤ እኔ ስንት ዘመን ነው ያኮረፍኩት። የእኔንም ልጅ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።» ከዚያ ታች ደርሳ ወደ ላይ ቀና አለች። «ጌታ ራሱ ወዳጁ መቃብር ላይ ቆሞ አልቅሷል። ሊያስነሳው መሆኑን እያወቀ! ተመስገን በሉ አላላቸውም፣ መጀመሪያ አብሯቸው አለቀሰ።» ብላኝ ሄደች። ከሞተባት ልጇ ጋር ስንት ዘመን ብቻዋን እንደኖረች ያኔ ነው የገባኝ፤ ፊቷ ለምን እንደጎመዘዘም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ንዴቴ በረደ ብዬ አልዋሽሽም። ይህን ስጽፍ እንኳ ብዕሩ ወረቀቱን እየቀደደው ነው። ልጄ ለምን እንደሞተች የነገረኝ የለም፤ አሁን እንኳ ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ሰው ቢመጣ በባልዲው የምለው ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ልመስክርልሽ፣ ተራ ሳይያዝልኝ። ከማድረቂያው ጀርባ ሆኜ የጠየቅኩት ፊቷን ነበር። ስለ ተሳደብኩ መብረቅ አልወረደብኝም። የጎመዘዘች ሴት ተልካ መጣች፣ ባሌ አፉን ከፈተ፣ የልጄን ፊት አየሁት። አምላክ ያን ቀን ክፍላችን ውስጥ አልነበረም የሚለኝ ካለ አላምነውም። ሲያስተምረን አልነበረም፣ ሲቆጣንም አልነበረም። አብሮን ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር እላለሁ እኔ። ያን ዕለት እንቅልፍ እስኪወስደኝ ያልኩት ጸሎት ከተባለ፣ «አየኋት» የምትል አንዲት ቃል ናት። አመሰገንኩ አላልኩሽም። ኩርፊያው ግን ቀርቷል፣ አሁን ጠብ ላይ ነን። ከጠብም ጠብ አለ፤ እንዲህ ያለ ጠብ ያሳርፋል፤ አንቺ የምትጮሂበት ሲሰማሽና ሳይሄድ ሲቀር።

እሁድ ወደ ጸሎት ቤቱ እንሄዳለን። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ተነስቼ ልጄ ምን ትመስል እንደነበር እነግራቸዋለሁ፣ ፀጉሯን፣ አገጯን፣ ጆሮዋን ሳይቀር፤ ከዚያ አልቅሱልኝ እላቸዋለሁ። ባሌ ሸሚዙን አጥቦ ሰቅሏል፣ እዚያ ቤት ከደጁ አልፎ የማያውቅ ሰው። ኮምጣጤም መጥታ አጠገቤ እንደምትቀመጥ በአንሶላው ነግራኛለች፤ ዛሬ ስትስበው ትከሻዬን ልትገነጥለው ነበር። ወይዘሮ ተመስገን ከፊት ረድፍ ናት። ሾርባዋን ያልረሳሁላት ሴት ናት፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማየው የእሷን ፊት ነው።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ የተናደድኩበትንም ሳትዘልይ። የልጅ ልጅ ነበረችሽ በያት። ደም ግፊቷ ከፍ ቢል መድኃኒቷ አጠገቧ ነው፤ የእሷ እንባ ግን ለልጄ ይገባታል። ጉልበቷን ስሚልኝ። ጋሼን አክብሮቴን አድርሺልኝ፣ ሳሉን እንዳይንቁት በያቸው። ትልቋን ጉንጯን ስሚልኝ፣ ትንሹን ግንባሩን፤ የአክስት ልጅ እንደነበረቻቸው ንገሪያቸው፣ ልጆች ከምትፈሩት በላይ ይገባቸዋል። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በዪልኝ፣ እሷ ከሰማች ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰማ ሌላውን ለየብቻ አልዘረዝርልሽም። አንቺ ደግሞ ዛሬ መስታወት ፊት ቆመሽ ጆሮሽን እዪልኝ፣ እዪና አልቅሺላት። የእሁዱን እኔ እጽፍልሻለሁ፤ ካለቀሱላት ከውስጥ ሆኜ፣ ካስወጡን የደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ።

ተቆጥታም የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍላችን፣
ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል